ለቤት ዘፈን ምን እንግዛ? ከምኒልክ የሰም ቱቦ እስከ ሚሞሪ ካርድ

ዛሬ ረዘም ያለ ነው የምጽፈው። ቡና የቀረበላችሁ ከቡናችሁ ጋር፣ ያልቀረበላችሁ ደግሞ ይችን ሰበብ አድርጋችሁ አስፈልታችሁ አንብቡት።

ነገሩን ያመጣው አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ልጁ ኮምቦልቻ ሥራ ይዞ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ፍራሽና ምድጃ ገዝቶ ጨርሷል። ዱባይ ያለችው እህቱ «የቤት ሙዚቃ ልላክልህ፣ ምረጥ» ብላ የሁለት ዕቃ ፎቶ ላከችለት፤ እሱ ደግሞ ፎቶውን ወደ እኔ። አንዱ በዋይፋይ የሚሠራ፣ በድምፅ የሚታዘዝ ስፒከር ነው። ዘፈኑ እሱ ውስጥ የለም፤ በጠየቅከው ቁጥር ከኢንተርኔት እየሳበ ነው የሚያጫውተው። ሌላው ተራ ባለ ብሉቱዝ ነው፤ ፍላሽና ሚሞሪ ይቀበላል፣ ኤፍኤም አለው፣ ቻርጅ ይደረጋል። «ቲቸር፣ የትኛው ይሻላል?» ይላል። በአንድ መስመር መመለስ ይቻል ነበር። ግን ያስተማርኳችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ደወሉ ሲደወል እኔ ገና መግቢያ ላይ ነኝ።

ደግሞም ጥያቄው አዲስ አይደለም። ላለፉት 120 ዓመታት በአገራችን ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ቤቱ ያስገባ ሰው ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ ዘፈኑ ማን እጅ እንደሚሆን አብሮ መርጧል።

ከሩቁ ልነሳ። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፃቸውን በሰም ቱቦ ላይ አስቀርፀው ላኩ። ፎኖግራፍ በሚባለው ማሽን ቤተ መንግሥት ውስጥ ተሰማ። ትዕዛዙ ግን «ከተሰማ በኋላ ቱቦው ይጥፋ» የሚል ስለነበር ተሰበረ። ንግሥቲቱ ድምፃቸው በሰው እጅ እንዲቀር አልፈለጉም። ምኒልክና ጣይቱም በፎኖግራፍ ድምፃቸውን አስቀርፀው መልስ ላኩ፤ ያኛው ስለተቀመጠ ዛሬ የምኒልክን ድምፅ ስልካችሁ ላይ መስማት ትችላላችሁ። በአንድ ዘመን የተቀዳ ሁለት ድምፅ፣ አንዱ ተሰምቶ ጠፋ፣ አንዱ ቆየ።

ምኒልክን ካነሳሁ አይቀር ውጫሌን ብዘል አምባሰሎች ይቀየሙኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል ሁለት ቅጂ ነበረው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሡ ከፈለጉ በጣልያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ያንን ክርክር መከራከር የተቻለው የአማርኛው ቅጂ በእጅ ስለነበር ነው። ክፍል ውስጥ «ኖት ያዙ፣ ቅጂ ያዙ» እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ የነበረው ከዚያ የመጣ ነው (ቀልድ ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ)።

ከፎኖግራፉ መልእክት አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው ዘፈናቸውን ሸክላ ላይ አስቀረፁ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የዘፈን ሸክላዎች የሚባሉት እነዚያ ናቸው። የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት አራት ደቂቃ ነው። እስቲ አስቡት፤ አዝማሪ ሞቅ ሲለው ግጥም እየተቀበለ፣ ለእንግዳው እየገጠመ፣ ግማሽ ሌሊት የሚሄድበትን ዜማ በሦስት ደቂቃ ጨርስ ሲባል! ዕቃው ዘፈኑን ማሳጠር የጀመረው ያኔ ነው።

እኛ አካባቢ ግን ሸክላም ግራሞፎንም የተራ ሰው ዕቃ አልነበረም። በሐይቅና በአምባሰል ቤት የሚገባው ሙዚቃ እግር ያለው ነበር። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሸለማል። ላሊበላው ንጋት ላይ በር ላይ ቆሞ ያዜማል። ሐድራው ላይ መንዙማው በድቤ ይወርዳል። እረኛው ዋሽንቱን ይነፋል። ማንን ልጥራ፣ ምን ልሸልም፣ ይሄ ነበር የቤቱ ምርጫ። ዘፈኑም በሰሚው ጭንቅላት ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ሌላ ማስቀመጫ የለምና።

አንድ ነገር እዚህ ጋ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ተማሪዎቼ ሳይቀሩ የማያውቁ አሉ። የአገራችን ዋና ዋና ቅኝቶች ተብለው የሚጠሩት አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ የእኛው ጎረቤት ስም ናቸው። ባቲ የገበያ ከተማ ናት፣ አምባሰል ተራራው ነው። የትም አገር የኢትዮጵያን ሙዚቃ የሚያጠና ሰው የተራራችንን ስም ሳይጠራ አያልፍም። አምባሰል አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ከአምስቱ ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ በጣም ይጠጋጋሉ፣ በፒያኖ ቢሆን ግማሽ እርምጃ ብቻ ናቸው፤ ዘፋኙ ሆዱ የባሰው የሚመስለን እዚያ ጋ ሲደርስ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ ስፒከር ስንመርጥ እንመለስባታለን።

ወደ ዕቃው ልመለስ። አዲስ አበባ ላይ የሬዲዮ ጣቢያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ሬዲዮ ለሙዚቃ ትልቅ በር ከፈተ፣ ግን ምርጫውን ከቤት አወጣው። ጣቢያው የሰጠህን ነው የምትሰማው። አባቶቻችን «ይሄን ዘፈን ምረጡልኝ» ብለው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ እስኪነበብ ድረስ ደግሞ በየሳምንቱ ሬዲዮው ሥር ይቀመጣሉ። ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ነበር፤ ደርግ ሲወርሰው ስሙም ፕሮግራሙም ተቀየረ። ሰሚው ቤት ያለው ሬዲዮ ያው ሬዲዮ ነው፣ ከውስጡ የሚወጣው ግን በአንድ ቀን ሌላ ሆነ።

የሸክላው ዘመን ታሪክ ብዙ ተጽፎለታል፣ አላረዝመውም። ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት የአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የሙዚቃ ቤት ባለቤት «ያሻቸውን ያድርጉኝ» ብሎ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ ህንድ አገር አሳትሞ አመጣ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። የካይፋ ሪከርድስ ሸክላዎችም በዚያው ዘመን ነው የወጡት። ዛሬ ዓለም «ኢትዮፒክስ» እያለ የሚያደንቃቸው ዘፈኖች አብዛኞቹ የዚያ ስድስት ሰባት ዓመት ሥራ ናቸው። ሸክላዎቹ በሰው ቤት ባይቀመጡ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ምኑን ሰብስቦ ያሳትም ነበር?

አሁን ካሴት። እዚህ ጋ ትንሽ እቆያለሁ።

ፊሊፕስ ካሴትን ለዓለም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። እኛ ጋ የነገሠው ግን በደርግ ጊዜ ነው። ሰዓት እላፊ ታውጆ የሌሊት ጭፈራ ሲቆም፣ ዘፈኑ በር ዘግቶ ቤት ገባ። ሸክላ ማጫወቻ ኮረንቲ ይፈልጋል፣ ቴፕ ግን በባትሪ ድንጋይ ይሄዳል። መብራት የሚባል ነገር ባልነበረበት የአምባሰል ገጠር ሳይቀር የማሪቱ ለገሰ ድምፅ የተሰማው በዚህ ነው። ከአሰብ የሚመጣው መኪና በባቲ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ ዕቃ ሲያወርድ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚያልፈው ሾፌር ደግሞ ጋቢናው ውስጥ አዲሱን ካሴት እየጮኸ ሐይቅን ያቋርጣል። ሻይ ቤቱ ይሰማል፣ ልጁ ይሸመድዳል። አዲስ አበባ ላይ «አምባሰል» የሚባል ሙዚቃ ቤት ተከፍቶ ካሴት ሲያሳትም ደግሞ የተራራችን ስም በየቤቱ መደርደሪያ ላይ ተሰደረ። አረብ አገር የሄደች እህት ስትመለስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቴፕ ነበር። ባለ ሁለት ካሴት ከሆነማ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል።

ዕድሜያችሁ ከእኔ ጋር የሆነ ታስታውሳላችሁ። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ባትሪ ለመቆጠብ ካሴቱን በቢክ እስክሪብቶ ማጠንጠን፣ ክሩን ሲበላው ልብ ቀጥ ማለቱ። በጾም ዘፈኑ ይነሳና መዝሙር ይገባል፤ በረመዳን የሼህ መሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማ። (መንዙማን ዘፈን ብለሃል ብላችሁ እንዳትነሱብኝ፤ እያወራሁ ያለሁት ስለ ቴፑ ነው።) ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ስለሆኑ የአንዱን ቤት ካሴት ሌላው ይሰማ ነበር፣ ወሎ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ቴፕ ቀይ ቁልፍ ነበረው። «ሪከርድ» የምትለዋ። ሸክላም ሬዲዮም የሚናገሩት እነሱ ብቻ ናቸው፤ በቴፕ ቤቱ ራሱ መቅዳት ቻለ። ሠርግ ሲሆን አንድ ጎረምሳ ቴፑን አቅፎ አዝማሪው አጠገብ ይቀመጣል። አያት ሽለላና ቀረርቶ ሲያወርዱ ይቀዳል። ቤሩት ወይ ጅዳ ላለች ልጅ እናት በካሴት ደብዳቤ ትልካለች፤ ወረቀት ላይ ስሟን መጻፍ የማትችል እናት 60 ደቂቃ ሙሉ ስታወራ፣ ስትመርቅ፣ መሀል ላይ ስታለቅስ። የተገዛውን ካሴት እንኳ ከላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ጠቅጥቀን እንቀዳበት ነበር። በዚህም ስንት ጥሩ ዘፈን እንደጠፋ ቤቱ ይቁጠረው።

እነዚያ በየቤቱ የተቀዱ ካሴቶች የትም ሙዚቃ ቤት አልተሸጡም፣ የትም መተግበሪያ ላይ የሉም። በአምባሰል ቀበሌዎች የነበሩ፣ ስማቸው ያልወጣ አዝማሪዎች የቀሩት እዚያ ላይ ብቻ ነው። አሁን ካርቶን ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ ቆጥ ላይ ናቸው።

ሲዲና ቪሲዲ መጡ፣ ተጫሩ፣ ሄዱ። ከዚያ ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ መጣ። ዘፈን ማስጫኛ ቤት ሄዶ «የወሎ ሙላልኝ» ማለት ነው። ለሰሚው ርካሽ ነው፣ ለዘፋኙ ግን ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ ከወጣም በኋላ ማስጫኛ ቤቶቹ እንደ እንጉዳይ ፈሉ። እነ ኤልያስ መልካ በ2011 ዓ.ም. አውታርን ያወጡት፣ በኋላም ሰዋስው የመጣው ይሄንን ቁስል ለማከም ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ መስማትን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ባለሙያው ይከፈለው፤ እኔም የምከፍል ነኝ።

ችግሩ ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ መብራቱም ስልኩም ጠፋ። በዚያ ሰሞን ከሰፈራችን የሰማሁት ብቸኛ ሙዚቃ ከአንዲት ጎረቤታችን ቤት ነበር። እናቲቱ በፀሐይ የምትሞላ ትንሽ ሬዲዮ አለቻቸው፤ ልጃቸው ሚሞሪ ላይ መንዙማ ጭኖላቸዋል። ማታ ማታ ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ ለራሳቸው ብቻ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲዘጋ፣ ስልክ ላይ ወርሃዊ የከፈልንባቸው ዘፈኖች ዝም አሉ። «ዳውንሎድ አድርጌዋለሁ» ያለው ልጅም አልዳነም። ስፖቲፋይን የመሰሉ መተግበሪያዎች ያወረድከውን ፋይል ለአንተ አይሰጡህም፤ መተግበሪያው ውስጥ ቆልፈው ያስቀምጡታል፣ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ካላገኙ ይዘጉታል።

ይሄ የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማይስፔስ የሚባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ ከ2003 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ሰው የጫነበትን ሙዚቃ ዕቃ ሲያዛውር አጠፋው፤ በ2019 በይፋ ተናገረ። ሚሊዮኖች ዘፈናቸው እዚያ ተቀምጦልናል ብለው ነበር። ሶኖስ የሚባለው የቤት ስፒከር ሠሪ ደግሞ በ2020 አሮጌ ዕቃዎቹን አዲስ ሶፍትዌር ማቅረብ አቆመላቸው፤ ስፒከሩ ደህና ነው፣ ግን ከዘመኑ ተቆረጠ። የ1960ዎቹ ቴፕ ቢበላሽ ደሴ ወስደህ በመጋጠሚያ ብረት ታስጠግነዋለህ።

እንግዲህ ለተማሪዬ የመለስኩለት ይሄ ነው። አብሽር፣ ሁለተኛውን አስመጣ። ፍላሽና ሚሞሪ የሚቀበለውን፣ ባትሪ ያለውን፣ ኦክስ የሚባለው የገመድ ቀዳዳ ያለውን። ኢንተርኔት ሲኖር ስልክህን በብሉቱዝ አገናኝተህ ከአውታርም ከሰዋስውም ስማበት፤ ሲጠፋ ሚሞሪህ አለ። ያ በድምፅ የሚታዘዘው አሌክሳ ለጊዜው አማርኛ አይሰማም፤ «አምባሰል ክፈችልኝ» ብትላት ምን እንደምትከፍትልህ አላህ ይወቅ።

ሂሳቡንም ሠርቼለታለሁ። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ዘፈን በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፣ በሰዓት 60 ገደማ። በቀን ሦስት ሰዓት የምትከፍት ከሆነ በወር ከ5 ጊጋ በላይ ለዘፈን ብቻ ሄደ ማለት ነው። አንድ ባለ 32 ጊጋ ሚሞሪ በዚሁ ጥራት ከ500 ሰዓት በላይ ይይዛል፤ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ቢሆን ከ500 ካሴት በላይ። ጥራት ከፈለግህ 320 ኪሎቢቱን ያዝ፣ ቦታው ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል፣ ይገባዋል።

ስትገዙ ደግሞ ሻጩ የሚከፍትላችሁን የጭፈራ ዘፈን አትስሙ። በዚያ ሁሉም ስፒከር ጥሩ ነው፤ ዱም ዱም ይላል፣ መስታወት ያንቀጠቅጣል። የራሳችሁን ሚሞሪ ይዛችሁ ሂዱና መሰንቆ ብቻ ያለበት አምባሰል አስከፍቱ። ቅድም ያልኳችሁ ሁለቱ የተጠጋጉ ድምፆች ተለይተው ከተሰሟችሁ፣ የዘፋኙም ቃል ካልታፈነ፣ ግዙ። ቤዙ ሁሉንም ከሸፈነው ተዉት፣ ምንም ቢያብረቀርቅ።

አሁን ወደ ካርቶኑ። ቤታችሁ የተቀዳ የሠርግ፣ የለቅሶ፣ የአያት፣ የእናት ካሴት ያላችሁ ካላችሁ እሱ ከስፒከሩ ይቅደም። የካሴት ክር በእርጥበት ይሻግታል፤ የሐይቅ አየር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ክሩ ዳር ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ዝም ብላችሁ ቴፕ ውስጥ አትክተቱ፤ የቴፑን ሄድ ያበላሻል፣ ሻጋታው ወደ ሌላው ካሴትም ይሄዳል። ደህና የሆነውን መጀመሪያ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት፣ ከዚያ ነው የሚጫወተው። ሄዱን በጥጥና በአልኮል ጥረጉ። የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከኮምፒውተር ማይክ ቀዳዳ ጋር በአንድ ገመድ ማገናኘት ነው፤ ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፣ እሱ ይቀዳዋል። ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ከጮኸ ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀ አይመለስም። ባለ 60 ደቂቃው ካሴት 60 ደቂቃውን ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም።

ፋይሉ ላይ ስም ጻፉበት። «ትራክ 1» ብላችሁ እንዳትተዉት፤ ማን ዘፈነ፣ የማን ሠርግ ነው፣ የት ቀበሌ፣ ስንት ዓ.ም.። ይሄን የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ናቸውና አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አብራችሁ ስሙት። ሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ አንዱን ከቤታችሁ ውጪ።

ሐይቅ፣ ውጫሌና አካባቢው ያላችሁ፣ እኔ ጋ የሚሠራ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕና ገመዱ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ፍላሻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ካሴቱንም ፋይሉንም ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፣ እኔ ዘንድ ምንም አይቀርም። ሻጋታ ያለበትን ለብቻው በፌስታል ጠቅልሉት። ከመምጣታችሁ በፊት ብቻ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መብራት መኖሩን አይቼ እመልስላችኋለሁ።